በጋሼ ፊት ላይ የነበረው መነጽር

አዛውንቱ ደረጃው ሥር በጀርባቸው ተንጋለዋል። ከአሥራ አራት ደረጃ ላይ ተንከባለው ራሳቸው ተፈንክቷል፤ መነጽራቸው ግን አፍንጫቸው ላይ አለ። መርማሪዋን ከበሩ ጀምሮ የከነከናት ይኸው ነበር።

አንድ ቦታ መቆም የማይሆንላት ሴት ናት። የሥራ ባልደረቦቿ በሌለችበት «ቁንጫ» ይሏታል፤ እሷም ታውቃለች። አስከሬኑን አንዴ በራስጌ አንዴ በግርጌ ዞረችው፤ ተንበረከከች፣ ተነሣች፣ ደግሞ ተንበረከከች። መነጽሩ ተጣሟል፤ ግራው ወደ ላይ ወጥቶ ቀኙ ወርዷል። የሟቹን ጫማ ሶል በጣቷ ነካች። ደረቅ ነው። ደረጃው ግን ከላይ እስከ ታች በሳሙና ውኃ ርሷል።

«እኔ ነኝ የገደልኳቸው» አለች አንዲት ሴት ከኋላዋ።

አጣቢዋ ነበረች፤ ወደ ሃምሳ የምትጠጋ፣ ጣቶቿ በውኃ ብዛት የተሸበሸቡ።

ቤቱ የአሮጌ መነጽር ቤት ነው። ሰዎች የጠበባቸውን፣ ቁጥሩ ያለፈባቸውን፣ የሞተ አባታቸውን መነጽር በካርቶን እያመጡ ይሰጣሉ። አጣቢዋ ምድር ቤት ታጥበውና በትሪ ወደ ፎቅ ታወጣዋለች። ፎቅ ላይ ለኪው በማሽን ቁጥሩን ለክቶ፣ በትንሽ ወረቀት ጽፎ ጆሮ ላይ በሚያርፈው ዘንጉ ላይ ያስርበታል። ከዚያ የሟቹ የእህት ልጅ እንደየቁጥሩ በመሳቢያ ይደረድረዋል። ዐይኑ ደክሞ መግዣ ያጣ ሰው መጥቶ በነፃ ይወስዳል። ቤቱን ያቋቋሙት ሟቹ ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሁሉ መነጽር ሲሠሩ የኖሩ ሰው። ሁሉም «ጋሼ» ይሏቸው ነበር። ዛሬ ጠዋት ቤት ውስጥ የነበሩት እሳቸውና እነዚህ ሦስቱ ብቻ ናቸው።

የመርማሪዋ ስልክ ጮኸ። አለቃዋ ነበር።

«ሴትየዋ አምናለች አሉ። ምን ትጠብቂያለሽ?»

«ሶላቸው ደረቅ ነው።»

«አንቺ ደግሞ! በስምንት ሰዓት መኪና እልካለሁ። ይዘሻት ነይ።»

ሰዓቷን አየች። ሁለት ሰዓት ተኩል ቀርቷታል። አጣቢዋን ክንዷን ይዛ ወደ ማጠቢያው ክፍል አስገባቻት።

«ከትሪው ውኃ ይንጠባጠባል፤ ስንቴ ነገሩኝ» አለች አጣቢዋ። «‹አንቺ ሴት፣ አንድ ቀን ታንሸራትቺኛለሽ› ይሉኝ ነበር እየሳቁ። ይኸው አንሸራተትኳቸው።»

«ልጅ አለዎት፣ እትዬ?»

«አንዲት። በስምንት ተኩል ከትምህርት ቤት ትወጣለች። ከእኔ ሌላ የሚቀበላት የለም።» አንገቷን ደፋች። «ማን ሄዶ ይነግርልኛል?»

መርማሪዋ በክፍሉ ውስጥ ወዲያ ወዲህ አለች። «መነጽራቸው ሁልጊዜ እንዲህ ይጣመም ነበር?»

«ጋሼ? የተጣመመ መነጽር ካዩ እህል አይበሉም። ግራ ጆሯቸው ከቀኙ ከፍ ይላል፤ ስለዚህ ግራውን ዘንግ በእኔ ሙቅ ውኃ ነክረው ያጎብጡት ነበር። ‹የተጣመምኩት እኔ፣ መነጽሩ ምን አጠፋ› ይሉ ነበር።»

መርማሪዋ እየሮጠች ተመለሰችና መነጽሩን ከሟቹ ፊት አነሣችው። ሁለቱም ዘንጎች እንደ ማስመሪያ ቀጥ ያሉ ናቸው። ከኮታቸው ኪስ ደግሞ ሌላ መነጽር ወጣ፤ ዘንጉ ላይ «ፕላስ ሁለት» የሚል ወረቀት ታስሯል።

የእህት ልጅ በመሳቢያዎቹ መካከል ወንበሩ ላይ ተለጥጦ ተቀምጧል። ሠላሳ ዓመቱ ነው፤ ዐይኖቹ ግን ከማልቀስ የተነሣ እንደ ሕፃን ዐይን አብጠዋል።

«እኔን ቢጠረጥሩ አልፈርድብዎትም» አለ። «ቤቱን እናከራየው እያልኩ ስንት ቀን ተጣልተናል። ግን አጎቴን ለመግደል ከዚህ ወንበር መነሣት ነበረብኝ። ይህን ቤት የሚያውቅ ይመስክርልኝ።»

«ቁጥራቸው ስንት ነበር?»

«ማይነስ አራት፤ ሁለቱም ዐይን። መነጽራቸው ሲጠፋባቸው ‹አራቴን አያችሁ?› እያሉ ነው ቤቱን የሚያምሱት። የማያውቅ የለም።»

«ማይነስ አራት ስጠኝ እስቲ።»

ሳይነሣ እጁን ዘርግቶ አንዱን መሳቢያ ሳበ። «ይኸው። ግማሹ እንደ እሳቸው ጥቁር ሰፊ ፍሬም ነው።»

«ማይነስ አራት መሆኑን በምን አወቅህ?»

«ወረቀቱ ላይ ተጽፏላ። ያነበብኩትን እደረድራለሁ እንጂ ማሽኑማ በየት በኩል እንደሚበራ አላውቅም። እትዬም አታውቅም። ለኪው ማሽኑን ማንም እንዲነካበት አይፈልግም።»

መርማሪዋ ከመሳቢያው አሥር መነጽር ቆጥራ በከረጢት ጨመረች።

ለኪው ነጭ ካፖርት ለብሶ፣ ደረት ኪሱ ላይ ሦስት እስክሪብቶ ሰክቶ ጠበቃት። ክፍሉ ከደረጃው አናት ላይ ነው። በአንድ በኩል ገና ያልተለኩ መነጽሮች በትሪ ላይ ተደርድረዋል፤ የመቶ ሰው ዐይን ጣሪያውን የሚያይ ይመስላል።

«ይቀመጡ።»

«ይህን ያውቁታል?» ፕላስ ሁለቱን አሳየችው።

«ጽሑፉ የእኔ ነው። በቀን መቶ እለካለሁ፤ ሁሉን ላስታውስ አልችልም።»

«እትዬ እንደነገሩኝ ትናንት አንድ አናጢ ይዞት መጥቶ ለጋሼ መልሷል። እጁ በፋሻ ተጠቅልሎ ነበር። መጋዝ ሁለት ጣቱን ወስዶበታል።»

«መነጽር ጣት አይቆርጥም፣ እመቤቴ። ያልተጠነቀቀው እሱ።»

«እውነትዎን ነው» አለችና የጫማዋን ክር ልታስር ከማሽኑ ጠረጴዛ አጠገብ ጎንበስ አለች። ወለሉ እርጥብ ነው። «ዛሬ ወልውለዋል?»

«ሁልጊዜ እወለውላለሁ።»

ክሩን ለማሰር ረጅም ጊዜ ወሰደባት።

ከዚያ ወጣች። ሦስት ሕንፃ አልፎ ወዳለው የመነጽር መሸጫ በፍጥነት ሄዳ፣ ባለሙያው አሥሩንም፣ ከሟቹ ፊትና ኪስ የተገኙትን ሁለቱንም መነጽር አንድ በአንድ ሲለካ ከጀርባው ቆማ ባንኮኒውን በጣቶቿ ስትደበድብ ቆየች። ተመልሳም የስባሪውን ሣጥን ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችው፤ ብሎናቸው ለሌላው እንዲያገለግል የተቀመጡ ስብርባሪ መነጽሮች ናቸው። የምትፈልገውን ስታገኝ ከበር የመኪና ጥሩምባ ተሰማ። ስምንት ሰዓት።

ሦስቱንም ማጠቢያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። አጣቢዋ ሽርጧን አውልቃ አጣጥፋ ይዛለች።

«ጋሼ በደረጃው አልወረዱም» አለች መርማሪዋ፤ እየተናገረች በገንዳዎቹ መካከል ትመላለሳለች። «የሳሙና ውኃ የረገጠ ሰው ሶሉ ይርሳል። የእሳቸው ደረቅ ነው፤ የወጡት ደረጃው ሳይርስ ነው። የሞቱት ፎቅ ላይ ነው፤ ከዚያ ወደ ታች ተለቀቁ። ፊታቸው ላይ ያለው መነጽርም የሳቸው አይደለም። የሳቸው ይኸውና።»

ጥቁር መነጽር አስቀመጠች። ግራ ዘንጉ ጎብጧል፤ የግራው ሌንስ የለም።

«ስባሪው ሣጥን ውስጥ ያለው ሁሉ በእትዬ እጅ የታጠበ ነው። ይህ ግን አፍንጫ ላይ የሚያርፈው ቦታ የሰው ወዝ አለበት። ሌንሱ ፎቅ ላይ ረግፏል፤ ገዳዩ ለቅሞ መጨረስ ስላልቻለ ታች ወርዶ ሌላ መነጽር አደረገላቸው። ግማሽ ሌንስ ታች ቢገኝ፣ ‹ቀሪው የት ሄደ?› እንደምል ገብቶታል።»

«በዚህ ቤት መነጽር የሚያጣ የለም» አለ ለኪው። «ማንም ከመሳቢያ ሊወስድ ይችላል።»

«እኔም እንደዚያ ብዬ ነበር። ሦስታችሁም ቁጥራቸውን ታውቃላችሁ። እትዬ ወይም ይህ ልጅ ቢሆኑ ወረቀቱን አምነው ከማይነስ አራት መሳቢያ ያወጡ ነበር። ከዚያው መሳቢያ አሥር ወስጄ አስለካሁ። ማይነስ አራት የሆነ አንድም አልተገኘም። ፕላስ አለበት፤ ቁጥር የሌለውም አለበት።»

የእህት ልጅ አፉን ከፈተ።

«የአናጢውም ፕላስ ሁለት ሳይሆን ማይነስ ሦስት ነው። ጋሼ ዛሬ ጠዋት ይህን ሊጠይቁ ወደ ላይ ወጡ። ፊታቸው ላይ የነበረው መነጽር ደግሞ...» ቆመች፤ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለችበት ቆመች። «በልክ ማይነስ አራት ነው። ወረቀቶቹ ሳይለካ በግምት የተጻፉ ውሸት መሆናቸውን የሚያውቅ፣ ማሽኑንም መጠቀም የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ከኪሷ ትንሽ ፖስታ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠችው። የሌንስ ስባሪ ነው። «ከማሽንህ ጠረጴዛ እግር ሥር። መወልወያው አልደረሰበትም።»

ለኪው ጠረጴዛውን ተደገፈ። «አባርርሃለሁ አሉኝ። ለሰው ሁሉ እናገራለሁ አሉኝ። ገፈተርኳቸው እንጂ... የገደላቸው የጠረጴዛው ጠርዝ ነው። ማንም አይለካውም ብዬ ነበር። ደግሞ ቢለካስ ብዬ ፈራሁ።»

«በዚህ ቤት በጥንቃቄ የለካኸው መነጽር ይህ አንድ ብቻ ነው» አለችው።

ፖሊሶቹ ሲወስዱት አጣቢዋ ካለችበት አልተነቃነቀችም።

«ውኃዬ አይደለም ማለት ነው?»

«አይደለም፣ እትዬ። ስምንት ከሃያ ሆኗል። ይሂዱ፣ ልጅቷ ትጠብቅዎታለች።»

ሴትዮዋ ሽርጡን እንደያዘች ወጣች፤ አደባባዩን በሩጫ ስታቋርጥ በመስኮቱ ታየች።

የእህት ልጅ ወደ መሳቢያዎቹ ገባ። ወንበሩን በእግሩ ገፍቶ፣ ቆሞ፣ የመጀመሪያውን መሳቢያ ሳበና ወረቀቶቹን ከየዘንጉ ላይ አንድ በአንድ ይበጥስ ጀመር።