ከካፖርቱ ኪስ የወጣችው የእሳት እራት

እናቴ ትሙት፣ ይሄ የሆነ ነገር ነው! ፈጠራ ነው የሚል ካለ መንገዱን ጨርቅ ያድርግለት።

በፈረንጆቹ ኤፕሪል 2021። ቬጋስ፣ ስፕሪንግ ቫሊ። ከቀኑ አስር ሰዓት፣ ፀሐዩ ገና ጠራራ ነው...

የደረሰው በአክስቴ ልጅ በብርቅታይት ላይ ነው። ሆቴል ውስጥ ክፍል ታጸዳለች። እንግዳ ረስቶት የሄደውን ዕቃ ባለቤቱ ካልጠየቀ፣ ላገኘው ሠራተኛ ይሰጡታል። ለሷም ከአውሮፓ የመጣ እንግዳ የተወው የሱፍ ካፖርት ደረሳት።

ኪሱ ውስጥ አውራ ጣት የሚያህል ቡናማ፣ ደረቅ ነገር ተገኘ።

የዘጠኝ ዓመት ልጇ ሀሌታ ጠርሙስ ውስጥ ከተተችው። ኦንላይን ክላስ ላይ ለአስተማሪዋ አሳየቻት።

"የእሳት እራት ናት" አለቻት አስተማሪዋ። "መጀመሪያ እንቁላል፣ ከዚያ አረንጓዴ አባጨጓሬ ነበረች። አሁን በድሯ ተጠቅልላ ዊንተሩን ትተኛለች፣ ሲሞቅ ትወጣለች። ግን የምትኖረው አውሮፓ ነው። እዚህ የለችም።"

ኤፕሪል ገብቶ ሲሞቅ ወጣች። ግራጫ ናት፣ መዳፍ ትሞላለች። አራቱም ክንፎቿ ላይ አንዳንድ ዓይን የመሰለ ምልክት...

ከዚያን ቀን ጀምሮ ሀሌታ እህል አልቀምስ አለች።

"የኔ ቆንጆ፣ አሞሻል እንዴ?"

"ኖ። እሷም አትበላም። አፍ የላትም።"

ብርቅታይት ግራ ገባት። ማነው ልጄን እንዲህ የሚላት? ታብሌቷን ቼክ አደረገች። ምንም የለም። በሩ ላይ ጆሮዋን ለጠፈች...

ሀሌታ ከሆነ ሰው ጋር ታንሾካሹካለች።

ስትገባ ልጅቷ ብቻዋን ናት።

በሦስተኛው ቀን ሀሌታ "ማሚ፣ ዛሬ እራት ይመጣል" አለቻት።

ብርቅታይት ተመስገን ብላ ዘለለች! ልጄ ልትበላ ነው ብላ ምስር ወጥ ጣደች። ሀሌታ ግን "የእሳት እራት" ማለት ሲከብዳት ግማሹን ብቻ ነው የምትለው። እዚህ የተወለደች ልጅ ናት፣ ምን ታድርግ!

አስር ሰዓት ላይ አንድ ነገር መስኮቱን መታው።

አንድ... አምስት... ከዚያ መቁጠር አቃታት። ሁሉም ባለ አራት ዓይን ናቸው።

"የወገናቸውን ሽታ ተከትለው ነው" አለች ሀሌታ በሹክሹክታ።

"ከየት ነው የሚመጡት? አስተማሪሽ እዚህ የሉም አላለችሽም?!"

ሀሌታ መዳፏን መስታወቱ ላይ ለጠፈች።

ብርቅታይት አበደች። ጠርሙሱን ነጥቃ፣ በሩን ከውጭ ቆልፋ ወደ ፓርኪንጉ ሮጠች። የእሳት እራቷን ተከትለው ልጄን ይተዉልኛል ብላ ነው፣ ምስኪን!

ክዳኑን ከፈተች። ጠበቀች...

አንድም አልመጣም።

ጠርሙሱን አየችው። የእሳት እራቷ ሞታለች። ነካ ስታደርጋት ዱቄት ሆነች። የዛሬ ሬሳ አይደለም።

ታዲያ የማንን ሽታ ነው የተከተሉት?

ቀና ብላ ወደ ቤቷ አየች።

መስኮቱ ዝግ ነው። እነሱ ግን መስታወቱ ላይ በውስጥ በኩል ናቸው። መሃላቸው ሀሌታ እጆቿን ዘርግታ ቆማለች። አንድ በአንድ እየተነሱ... እሷ ላይ ያርፋሉ።