ለአንድ ሰው ብቻ የተሠራ መቀመጫ

ሳልጀምር አንድ ነገር ልበላችሁ... ይሄ እውነት ነው።

የሰው ወሬ ለቃቅሜ አላመጣሁላችሁም። የነገረኝ ራሱ የደረሰበት ሰው ነው። በያጅ ነው። እሳት ፊቱ ላይ ሲፈናጠር ቅንድቡን የማያነቃንቅ፣ ቢዋሽ ጆሮው ቀልቶ የሚያሳብቅበት ሰው። ይሄን ሲነግረኝ ጆሮው አልቀላም።

ደግሞ "ሌሊት ነው፣ መብራት ጠፍቶ ነው" እንዳትሉኝ። ረፋዱ ላይ ነው። አራት ሰዓት ገደማ፣ ፀሐይዋ የጣሪያውን ቆርቆሮ እያንጣጣችው።

በያጁ የሚሠራው ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ባለ ግቢ ውስጥ ነው። አጥሩን ተደግፈው ያልተቀቡ የብረት በሮች ቆመዋል። ከግቢው እስከ አስፋልቱ ያለው መንገድ አፈር ነው። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ ያን ዕለት እንደ ሊጥ ለስልሶ ነበር።

ረጅሙ ሞተሩን እየገፋ መጣ።

ረጅሙ የሚባለው የበያጁ የእህቱ ባል ነው። በር ሁሉ የሚያስጎነብሰው ሰው ነው። አማች ከመሆኑ በፊት የልጅነት ጓደኛው ነበር፤ እህቱንም የለመዳት እነሱ ቤት ሲገባ ሲወጣ ነው። በያጁ ሁልጊዜ "ጓደኛ አስገባሁ ስል ሌባ አስገብቼ" እያለ ያሾፍበት ነበር።

አሁን ማሾፍ ቀርቷል። እህቱ ከሞተች ወራት አልፈዋል።

ልቧ ነበር የሚያማት... ከልጅነቷ ጀምሮ። ትንሽ እንደሄደች ትቆማለች። እግሯን ገጥማ፣ ጉልበቷን ይዛ፣ ትንፋሿ እስኪመለስ ታርፋለች። ደግሞ ትንሽ ትሄዳለች... ደግሞ ታርፋለች። ረጅሙ ሞተር የገዛው ለሌላ አይደለም፣ ለእሷ ነው። ገበያ ስትል፣ ሐኪም ቤት ስትል፣ ዘመድ ልጠይቅ ስትል ከኋላው አፈናጥጦ ያደርሳታል። "የኔ እግር ያ መቀመጫ ነው" ትል ነበር።

ባልና ሚስቱ አንድ ልማድ ነበራቸው። እሷ ወጥታ ተደላድላ ስትቀመጥ ትከሻውን መታ መታ ታደርገዋለች። "ተቀምጫለሁ፣ ሂድ" ማለቷ ነው። ያ ምልክት ካልመጣ ረጅሙ አይነቃነቅም። ከኋላው መኪና ቢያንባርቅ፣ ዝናብ ቢወርድበት አይሄድም።

እሷ ከተቀበረች ወዲህ ሰውየው ቁመቱ ብቻ ቀረ። እህል የሚባል አይቀምስም። ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ አበጅቶ ነው ሱሪውን የሚያጠብቀው። እናቱ በያጁ ዘንድ መጥተው፣ "ልጄ እያየሁት ሊያልቅብኝ ነው፣ እባክህ የኔ ልጅ አንድ ነገር አድርግ" ብለው አልቅሰዋል።

እና ያን ዕለት ረጅሙ ከፌስታል ውስጥ አንድ መቀመጫ አወጣ። ትንሽ ነው። ጥቁር ቆዳ የለበሰ፣ ከሥሩ የብረት ሞላ ያለው፣ በልኩ ያሰፋው።

"ይሄን ግጠምልኝ። ያንን የሁለት ሰውን አውጣው" አለ።

በያጁ ደሙ ፈላ። የእህቴን ቦታ ንቀልልኝ ነው እኮ የሚለኝ! ሊሰድበው አፉን ከከፈተ በኋላ ግን ፊቱን አየው። አጥንቱ ወጥቷል።

"ለምን?"

ረጅሙ ዞር ብሎ ከኋላው ያለውን ባዶ መቀመጫ አየ። ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ይከብደኛል..."

"ምኑ?"

"ከኋላ። ዳገት ላይ ሞተሩ እንደ ድሮው ያቃስታል። ስታጠፍ አብሮኝ የሚያጋድል አለ።"

መሪውን ጨበጥ አድርጎ፣

"ወይ ይሄ ይነቀል፣ ወይ እኔ እከተላታለሁ። ሌላ አማራጭ የለኝም።"

በያጁ ሐዘን ነው ብሎ ደመደመ። ሐዘን ሰውን የማያደርገው የለም። መፍቻውን አነሳ።

ሞላ ያለው መቀመጫ ሲገጠም የማይዘለል ነገር አለ። ከኋላ ጎማው እስከ መከለያው ያለው ክፍተት ይለካል። ሰው ሲቀመጥበት ይጠባል፣ ሲወርድ ይሰፋል። በያጁ በጣቱ ነው የሚለካው። ረጅሙ መሪውን ይዞ አቆመለት፤ እሱ አጎንብሶ ጣቱን አስገባ።

ጣቱ አልገባም።

ሞተሩ ላይ ሰው የለም... ግን ከኋላ ዝቅ ብሏል።

የሞተሩ ሞላ ደክሞ ይሆናል አለ በልቡ። ቡሎኖቹን ፈታ። የድሮውን መቀመጫ በሁለት እጁ ይዞ ብድግ አደረገው።

ሲጥ...

የሞተሩ ኋላ ከፍ አለ። ሰው ሲወርድ እንደሚለው፣ ቀስ ብሎ።

መቀመጫው ቀሎት ነው አለ አሁንም በልቡ። መቀመጫው ግን የአንድ ድመት ያህል እንኳ አይመዝንም።

ቀጥሎ ከኋላ የሚቀመጥ ሰው እግሩን የሚያሳርፍባት ብረት አለች አይደል? የምትታጠፈዋ? አጠፋት። ካቻቢቴ ሊያነሳ ዞር ብሎ ተመለሰ።

ተዘርግታለች።

"አንተ ነህ?"

"ምኑ?"

ረጅሙ ከፊት ለፊት፣ መሪውን በሁለት እጁ እንደያዘ ነው።

እንደገና አጠፋት። ዓይኑን ወደ ቡሎኑ መለስ አድርጎ ሲያይ... ተዘርግታለች። ላይዋ ላይ ቅድም ያልነበረ ጭቃ አለ። እርጥብ ነው።

ለረጅሙ ምን ብሎ ይንገረው? ብረቷን ከነመያዣዋ ፈትቶ ጠረጴዛው ላይ ወረወራት። ልክ ስትወድቅ ከጀርባው አንድ ትንፋሽ ሰማ። ድካም የተጫነው ሰው ትንፋሽ...

ዞረ። ግድግዳው ነው ያለው።

ከዚያ በኋላ ያለውን በጥድፊያ ነው የሠራው። በሳ፣ በየደ፣ ሞላውን አስገባ፣ ቡሎኑን አጠበቀ። ረጅሙ አዲሱ መቀመጫ ላይ ወጣ። ክፍተቱ ልክ ሆነ። ለአንድ ሰው የሚሆነውን ያህል ብቻ።

ረጅሙ ወዲህና ወዲያ ተወዛወዘበት። ፊቱ ፈታ አለ።

"ቀለለኝ" አለ በሹክሹክታ። "እውነትም ቀለለኝ።"

ሞተሩን አስነሳ። ግን አልሄደም። በያጁ ጠበቀ... አሁንም አልሄደም።

"ሂድ እንጂ።"

"እጄ አልለቅ አለኝ" አለ ረጅሙ። ፈገግ ሊል ሞከረ። "ምልክቱን እየጠበቅሁ እኮ ነው... አየህልኝ ሞኝነቴን?"

በያጁ መፍቻውን አስቀመጠ። ከኋላው መጣ። እሷ ታደርግ እንደነበረው፣ በመዳፉ፣ ትከሻውን መታ መታ አደረገው።

ረጅሙ ዓይኑን ጨፈነ። ከፈተ። ሄደ።

በያጁ እፎይ ብሎ እጁን በጨርቅ እየጠረገ መንገዱን አየ። ጭቃው ላይ የጎማው መስመር ተዘርግቷል።

ከመስመሩ አጠገብ... ኮቴ አለ።

ባዶ እግር ነው። ጠባብ፣ የሴት። ሰው ሞተር ላይ በሚወጣበት በኩል፣ እሱ ከቆመበት ክንድ የማይሞላ ርቀት ላይ።

እያየው ሌላ ታተመ። ከዚያ ሌላ። ጣቶቹ ጭቃው ውስጥ በጥልቀት ገብተዋል። እንዲህ ጣቱን የሚተክለው የሚሮጥ ሰው ነው።

ያኔ ገባው። ተቀምጣለች ብሎ ምልክት የሰጠው እሱ ነው። እሷ ግን አልተቀመጠችም። የምትቀመጥበትን በገዛ እጁ ነቅሎታል።

ኮቴው ጥቂት ሮጠ... ቆመ። ሁለቱ እግሮች ተገጠሙ። አረፉ። ደግሞ ሮጡ። ደግሞ ተገጠሙ።

"እትዬ..."

እጁን ወደ ኮቴው ዘረጋ።

"እትዬ፣ ተይ... ልብሽን ያምሽ የለ? ነይ እኔ ጋ ቁጭ በይ። የትም እወስድሻለሁ።"

ኮቴው ቆመ። ቀስ ብሎ ዞረ። ጣቶቹ ወደ እሱ ሆኑ።

እንዲያ ሆኖ ትንሽ ቆየ። በያጁ ያለቅሳል። መቼም እህቱ ነች፣ ፍርሃቱን እንኳ የረሳ ይመስለኛል።

ከዚያ ኮቴው ፊቱን መልሶ ወደ አስፋልቱ ሮጠ። አስፋልት ላይ ደግሞ ኮቴ አይታይም።

በያጁ ለረጅሙ ስልክ ደወለለት። ይጠራል፣ አይነሳም። ሞተር ላይ ያለ ሰው መቼ ይሰማል።

ረጅሙ አሥር ሰዓት ላይ ተመለሰ። ሊያመሰግን ነው የመጣው። ከተማውን ዞርኩት አለ፤ ዳገቱን ሳላውቀው ወጣሁት አለ። እያወራ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን የበያጁን ዳቦ አንስቶ ገመጠ። ቆም ብሎ ዳቦውን አየው።

"ርቦኛል እኮ" አለ፣ እሱም ገርሞት።

በያጁ ሊነግረው አፉን ከፈተ... ሰውየው ያኝካል። ከቀብሩ ወዲህ ሲያኝክ ሲያየው የመጀመሪያው ነው። ቢነግረው መቀመጫውን ዛሬውኑ ይነቅለዋል። ከዚያ እንደ ድሮው ሊሆን ነው፤ ወይ ደግሞ ሊከተላት ነው። የረጅሙ እናት ለቅሶ ትዝ አለው። አፉን ዘጋ።

ዓይኑ ግን ከግቢው በር አልተነሳም።

"ማንን ነው የምትጠብቀው?" አለ ረጅሙ።

"ማንንም።"

የረጅሙ ስልክ ጮኸ። እናቱ ናቸው። "መጣሁ እማዬ፣ የሚበላ አቆዪልኝ" ሲላቸው ሴትዮዋ ስልኩ ላይ ሲያለቅሱ ይሰማ ነበር። ረጅሙ ሳቀ። ተነስቶ ሞተሩ ላይ ወጣ።

በያጁ መሪውን ያዘበት።

"ትንሽ ቆይ።"

"ምን ልጠብቅ?"

በያጁ ዓይን ዓይኑን አየው... እጁን ለቀቀ።

ረጅሙ አስነሳና ሄደ። ምልክት አልጠበቀም። ወደ ኋላም አላየም። ድኗል።

ቀኑን ፀሐይ ስለዋለበት የመንገዱ ጭቃ ደረቅ ማለት ጀምሮ ነበር። የግቢው በር ሥር ግን ጥላ ስለሆነ አሁንም እርጥብ ነው። ረጅሙ በበሩ ወጥቶ ወደ አስፋልቱ ሲታጠፍ በያጁ እዚያ እርጥቡ ላይ አየ።

ከአስፋልቱ በኩል ኮቴ እየመጣ ነው።

አይሮጥም። አንድ እርምጃ... ሁለቱ እግሮች ይገጠማሉ። አንድ እርምጃ... ይገጠማሉ። ስትከተለው ውላ ገና መድረሷ ነው።

በሩ ሥር ስትደርስ ቆመች። የሞተሩ ድምፅ ከአስፋልቱ እየራቀ ይሰማል።

ኮቴው ለረጅም ጊዜ ባለበት ቆየ።

ከዚያ... ቀስ ብሎ ወደ አስፋልቱ ዞረ። ጣቶቹ ጭቃውን ቆፈሩ።