የፈትሂያ መዳፍ

በዚህ ቻናል ላይ እንዲህ ዓይነት ታሪክ በተለጠፈ ቁጥር ከስር "ማስረጃ?" ብሎ የሚጽፍ አንድ ሰው ነበር። የምታስታውሱት ትኖራላችሁ። ሌላ ነገር አይጽፍም። አንድ ቃል ብቻ።

እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ አሁን "ማስረጃ?" ልትሉኝ የተዘጋጃችሁ ጣታችሁን ሰብስቡ። በመጠየቅ አትበልጡኝም። "አየህ፣ አላህ ቀጣህ" ልትሉኝ የተዘጋጃችሁም አፋችሁን ያዙ። እህቴን የቀበርኩት እኔ እንጂ እናንተ አይደላችሁም።

የሆነውን ብቻ ነው የምነግራችሁ። ባለፈው መጋቢት፣ ኮምቦልቻ፣ ከቀኑ አስር ሰዓት ላይ። ጨለማ አልነበረም። ፀሐይ ነበረች።

ስሜ ከሊድ ነው። ደሴ አንድ የግል ኮሌጅ ውስጥ ሎጂክ አስተምራለሁ። ክርክር እወዳለሁ። እውነቱን ለመናገር ማሸነፍ ነው የምወደው። ፒያሳ ካፌ ውስጥ አንድ አጥባቂ ሰው አጠገቤ ከተቀመጠ፣ ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝ ተጣልተን ነው የምንነሳው።

እህቴ ፈትሂያ በሰባት ዓመት ታንሰኛለች። ኮምቦልቻ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ ትሠራ ነበር። ከልጅነቷ ጀምሮ የልብ ሕመም ነበረባት። እና አንድ ሌላ ነገር... ሰው ጥያቄ ሲጠይቃት ትደነግጣለች። የምታውቀው ነገር ሁሉ ከአፏ ይጠፋል።

ልጆች ሆነን፣ ሐርቡ ከተማ እያለን አባታችን በየቀኑ ከአሱር ሶላት በኋላ፣ አስር ሰዓት ግድም፣ አስቀምጦ ይጠይቀን ነበር። የማባዣ ሠንጠረዥ፣ የነቢያት ስም፣ ያገኘውን ሁሉ። የእሷ ተራ ሲደርስ ከንፈሯ ይደርቃል። ከኋላችን፣ አባባ በማያይበት፣ መዳፏን ዘርግታ ወደ እኔ ታስጠጋለች።

እኔ በጣቴ መዳፏ ላይ እጽፍላታለሁ። መጀመሪያዋን ፊደል ብቻ።

ያኔ መዳፏን ጭብጥ ታደርጋለች። መልሱ እንዳይበርባት... ከዚያ ትመልሳለች።

የቀኝ አመልካች ጣቴ ጫፍ የለውም። ልጅ ሆኜ የወፍጮ ቀበቶ በልቶታል። "ጣትህ ጎደሎ ስለሆነች መልሱም ጎደሎ ነው የሚመጣው" እያለች ታሾፍብኝ ነበር።

ይህን ምስጢር ከሁለታችን በቀር ማንም አያውቅም። እናታችንም አታውቅም። ይሄን ያዙልኝ።

ፈትሂያ መጋቢት ዘጠኝ ቀን ጠዋት አረፈች። ሃያ ሦስት ዓመቷ ነበር።

ጀናዛው ከቤት ሲወጣ እናቴ ሐዋ ክንዴን ያዘችኝ። በእኛ አገር ሴቶች ቀብር አይወርዱም።

"ከሊዴ" አለችኝ በሹክሹክታ።

"እመት።"

"ሸሁ ይንገሯት። አደራ።"

"እሺ።"

"በአላህ በለኝ።"

"እሺ አልኩሽ እኮ፣ እማ።"

ለማታውቁት ልንገራችሁ። ሰው ከተቀበረ በኋላ ቀባሪው ሲመለስ፣ አንድ ሸህ መቃብሩ ራስጌ ቁጭ ብሎ ለሟቹ የሚናገረው ነገር አለ። ተልቂን ይባላል። "አንቺ የሐዋ ልጅ ሆይ፣ ሁለት መላእክት መጥተው ይጠይቁሻል። ጌታሽ ማነው? ሲሉሽ እንዲህ በይ። ሃይማኖትሽ ምንድን ነው? ሲሉሽ እንዲህ በይ። አትደንግጪ..." እያለ ይነግራታል። ቀባሪዎቹ አርባ እርምጃ ሲርቁ ጠያቂዎቹ ይመጣሉ ይባላል።

አፈሩ ተመለሰ። ሰው መበተን ጀመረ። ሸህ ኑርሁሴን ከአባቴ ጓደኞች በሕይወት የቀሩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ራስጌዋ ላይ ቁጭ አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

የዚያን ጊዜ ያ ቁጣ መጣብኝ። ሦስት ሌሊት አልተኛሁም። ሐኪሞቹ አናደዱኝ፣ "የአላህ ውሳኔ ነው" የሚለው ሁሉ አናደደኝ። የቀረኝ ማሸነፍ የምችለው ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ጎንበስ ብዬ "ሸህ፣ ይተዉት" አልኳቸው።

"ምኑን?"

"የሞተ ሰው አይሰማም። እህቴ ላይ ቲያትር እንዲሠራ አልፈልግም።"

ቀና ብለው አዩኝ። "ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርህ..."

"አይንገሩኝ። ያውቃሉ ወይስ ይገምታሉ? ካወቁ ያሳዩኝ። ከገመቱ ደግሞ ይነሱ።"

ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሱ። ልብሳቸውን አራገፉ።

"የሐዘኑ ባለቤት አንተ ነህ" አሉኝ። ሄዱ።

አሸነፍኩ።

እኔም ተከትዬ መራመድ ጀመርኩ። ለምን እንደቆጠርኩ አላውቅም... ግን ቆጠርኩ። ሠላሳ ስምንት። ሠላሳ ዘጠኝ። አርባ።

አርባኛው ላይ፣ ከኋላዬ፣ አንድ እጅ ቀኝ እጄን ነካኝ።

ትንሽ እጅ ነው። ቀዝቃዛ ነው። አልጨበጠኝም። ተገልብጦ፣ መዳፉን ዘርግቶ፣ ጣቴ ስር ገባ።

ዞርኩ።

ማንም የለም። አዲሱ አፈር፣ ፀሐይ፣ አንድ የተረሳ አካፋ።

እንቅልፍ ያጣ አእምሮ ነው አልኩ። እንደዚህ ያለውን ነገር በስሙ እየጠራሁ ነው የማስተምረው።

ቤት ስገባ እናቴ "ተነገራት?" አለችኝ።

"አዎ፣ እማ።"

"አልሐምዱሊላህ" አለችና ለመጀመሪያ ጊዜ በሰላም አለቀሰች።

በሦስተኛው ቀን ወደ ደሴ ወጣሁ። ሐረጎ ዳገት ላይ ጉም ነበር። ሥራ ይሻለኛል ብዬ የከሰዓት ክፍል ገባሁ። የበልግ ዝናብ ጣሪያውን ይመታል። እኔ "ማመን ማለት በቂ ምክንያት ያለውን ነገር መቀበል ነው" እያልኩ፣ ወዲያ ወዲህ እየተመላለስኩ አስረዳ ነበር።

ከፊት የሚቀመጥ ሚስባህ የሚባል ተማሪ አለኝ። ነገር ፈላጊ ነው፤ ስለዚህ እወደዋለሁ። እጁን አወጣ።

"መምህር... ይቅርታ። እጅዎ ምን ሆኖ ነው?"

"የቱ እጄ?"

"ቀኙ።"

አየሁት። ቀኝ እጄ ጀርባዬ ላይ ነበር። አመልካች ጣቴ አየር ላይ ይጽፋል። ይጽፋል፣ ያቆማል፣ ይጽፋል።

"ጥቂት ደቂቃ ሆነው" አለ ሚስባህ። "መጀመሪያ ለሆነ ሰው ምልክት የሚያሳዩ መስሎን ነበር።"

ማንም አልሳቀም። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት አስር ሰዓት ይላል።

በማግስቱም አስር ሰዓት ላይ ያው ሆነ። በማግስቱም። ያቺ ቀዝቃዛ መዳፍ እየመጣች ጣቴ ስር ትዘረጋለች። አትገፋም። አትቆነጥጥም። ትጠብቃለች።

ብታስፈራራኝ ኖሮ እታገላት ነበር። የምትጠብቅን ልጅ ግን... በምን ትታገላታላችሁ?

በሰባተኛው ቀን ኮምቦልቻ ወረድኩ። እናቴን ጓዳ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ፊቷ ተለውጧል። አጠገቧ እንድቀመጥ በእጇ መሬቱን ነካ ነካ አደረገች።

"ሸሁ ነገሯት ብለኸኛል፣ አይደል?" አለችኝ በሹክሹክታ።

"አዎ።"

"ወላሂ በለኝ።"

ጫማዬን መፍታት ጀመርኩ።

"መጥታ ነበር" አለች።

"ማን?"

"ማን ይመጣብኛል ሌላ? ትናንት፣ ከአሱር በኋላ። እዚያ በሩ ጥግ ቆመች። 'ፈቲ' አልኳት። አታየኝም። ወደ ጎን ነው የምታየው። አጠገቧ ሰው እንዳለ።"

"እማ፣ ደክሞሽ ነው። ሐዘን..."

"እጇን እንዲህ አድርጋ።"

እናቴ እጇን ወደ ኋላዋ ወሰደች። ከጀርባዋ መዳፏን ገለበጠችና ዘረጋች። ወደ እኔ።

"ምን ማለቷ ነው፣ ልጄ? ምን ስጠኝ እያለች ነው?"

መልስ ነበረኝ። አፌ ደረቀ። እንደ እሷ።

ከዚያ እየሮጥኩ ነው ሸህ ኑርሁሴን ቤት የደረስኩት። ከግቢያቸው በር ላይ ወንበር አውጥተው ዝናቡን ያያሉ። የተናደዱ አይመስሉም። ይሄ ባሰብኝ።

"ለእናቴ ነግረዋታል?" አልኳቸው፣ ሰላምታም ሳልሰጥ።

"ምኑን?"

"ተልቂኑ እንደቀረ።"

"ወላሂ፣ ለማንም ትንፍሽ አላልኩም።" ወንበራቸውን ወደ እኔ አዞሩ። "ለአንተ ግን ልነግርህ ፈልጌ ነበር። መቃብሩ ላይ። አላስጨረስከኝም።"

"ምንድን ነው?"

"ሆስፒታል ሳለች አስጠርታኝ ነበር። 'ሸህ፣ እኔ ሲጠይቁኝ እደነግጣለሁ። የማውቀው ይጠፋኛል። እባክዎ ቶሎ አይሂዱብኝ' አለችኝ። እሺ አልኳት።"

ጭቃው ላይ ተቀመጥኩ።

"ደግሞ" አሉ ሸሁ፣ "'ለከሊድ አይንገሩብኝ። ይስቅብኛል' አለችኝ።"

...

ይህን መስመር ለመጻፍ ስንት ቀን እንደፈጀብኝ አትጠይቁኝ።

"ለምን ተመልሰው አልነገሯትም?" አልኩ በመጨረሻ።

"ፈራሁህ። ምላስህን ፈራሁ። በሰባ አራት ዓመቴ የልጅ ምላስ ፈራሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ።"

"አሁን ይንገሯት። በየቀኑ አስር ሰዓት ላይ እየመጣች መዳፏን ትዘረጋልኛለች።"

"እኔን እየጠበቀች አይመስለኝም።" ትክ ብለው አዩኝ። "ታምንበታለህ?"

"አላምንም።"

"ታዲያ ምን አመጣህ?"

"እሷ ታምን ነበር።"

ሸሁ ክንዴን ይዘው ከጭቃው አነሱኝ። "ሂድ" አሉ። "የእኔ እምነት በቂ ቢሆን ኖሮ፣ ልጅቷ አንተ ዘንድ ባልመጣች።"

አስር ሰዓት ሲሆን መቃብሩ ዘንድ ደረስኩ። ዝናቡ አቁሞ ፀሐይ ወጥታ ነበር። አፈሩ ረጥቦ ጠቁሯል።

ራስጌዋ ላይ የሆነ ነገር አየሁ።

የእጅ ቅርጽ ነው። አምስት ጣት፣ አንጓው ሁሉ የሚታይ።

ሰው መሬት ላይ እጁን ሲጭን አፈሩ ወደ ውስጥ ይጎደጉዳል። ይሄን የማያውቅ የለም። ይሄኛው ግን ወደ ውስጥ አልጎደጎደም። ወደ ውጭ ያበጠ ነው። ከታች ወደ ላይ የተጫነ... የተዘረጋ መዳፍ።

ፍልፈል ነው አልኩ። ዝናብ ነው አልኩ። ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ድምፄ የማላውቀው ሰው ድምፅ መሰለኝ።

ተንበረከኩ።

"አንቺ የሐዋ ልጅ..." ብዬ ጀመርኩ። አልወጣልኝም። ሦስት ሰዓት ያለ ወረቀት የምናገር ሰው ነኝ። የማላምነውን ነገር ልንገራት? በምትጠየቅበት ሰዓት ልዋሻት? ወይስ እውነቴን ይዤ እንደ ደነገጠች ልተዋት?

ስለ እምነት ሃያ መጽሐፍ አንብቤያለሁ። አንዱም ይሄን ጥያቄ አይጠይቅም።

ጎደሎ ጣቴን ዘረጋሁ። መዳፏ ላይ ጻፍኩ። መጀመሪያዋን ፊደል ብቻ።

አ።

"አይዞሽ፣ ፈቲ" አልኳት። "የምታውቂው ነው። አትቸኩይ።"

አፈሩ አልተንቀሳቀሰም። ከጣቴ ላይ ግን ቅዝቃዜው ለቀቀ። ለብዙ ጊዜ እዚያው አለቀስኩ። ከዚያ ተነስቼ ሄድኩ። በዚህ ጊዜ እርምጃዬን አልቆጠርኩም።

ያን ሌሊት እናቴ ተኛች። እኔም ተኛሁ።

በማግስቱ በዚያው ሰዓት ተመለስኩ። አልሄድም ብዬ ነበር። ግን ማወቅ አለብኝ። ዕድሜ ልኬን የያዘኝ በሽታ እሱ አይደል።

መዳፏ አልነበረችም።

በቦታዋ ጭብጥ ያለች ትንሽ ቡጢ ነበረች። ከአፈር የተሠራች። አራት ጣት ታጥፎ፣ አውራ ጣቷ ላዩ ላይ። ልክ መልሱ እንዳይበርባት ታደርግ እንደነበረው።

ያዘችው አልኩ። ደርሷታል። መለሰች። እየሳቅኩም እያለቀስኩም ነበር። ማንም ቢያየኝ ያበድኩ ይመስለዋል።

ልነሳ ስል ነው ያየሁት።

ከጎኗ ባዶ ቦታ አለ። ማንም አልተቀበረበትም። አባቴ "ለቤተሰብ" ብሎ ያስከለላት ቦታ ናት።

እዚያ ላይ ሌላ መዳፍ ነበረ። ከታች ወደ ላይ ያበጠ። የተዘረጋ። የትልቅ ሰው።

አመልካች ጣቱ ጫፍ የለውም።

ይሄው ስድስት ወር ሆነው። ዝናብም አላፈረሰውም። በየሳምንቱ ዓርብ፣ አስር ሰዓት ላይ፣ ሄጄ አየዋለሁ።

እስካሁን ማንም ምንም አልጻፈበትም።