የቀን ቆጣሪው ሞት

የወንደሰን አስከሬን ከሽልማት አዳራሹ ሰገነት በታች፣ ከባሕር ዛፎቹ ሥር፣ በግንባሩ እንደ ተደፋ ተገኘ። ኅዳር በእንጦጦ ላይ ጤዛዋን አትሰስትምና ካፖርቱ ታጥቦ እንደ ወጣ ልብስ ይንጠባጠብ ነበር። ኢንስፔክተር ወለተማርያም ተንበርክካ አስቀድማ «ነፍስ ይማር» አለች፤ ከዚያም ከደረት ኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። በጣቶቿ መካከል ሲንኮሻኮሽ አደመጠችው።

በኮምፒውተር የተጻፈ፣ ፊርማ የሌለው ኑዛዜ ነበር።

«ለዓመቱ ምርጥ ድረ ገጽ ሽልማት አዘጋጆች። የበዓላትና የአጽዋማት መቁጠሪያ ድረ ገጼን ከኃይለ መስቀል ሰርቄዋለሁ። ዛሬ በመዝጊያው ቀን ከውድድሩ ልወጣ ይህን ጻፍሁ፤ የምሰጥበት ድፍረት ግን የለኝም። ይህ ኀፍረት አንድ ቀን ይገድለኛል። ጳጉሜ 6 ቀን 2004 ዓ.ም.»

ኢንስፔክተሯ ቀኑን ሁለት ጊዜ አነበበች። አውራ ጣቷ መሪጌታ አባቷ በልጅነቷ እንዳስተማሯት በጣቶቿ አንጓ ላይ ተራመደ።

ዘበኛው በዳዳ ያየውን ነገራት። ማለዳ ሦስት ሰዎች ተራ በተራ ወደ ሰገነቱ ወጥተዋል፤ እርሱ ግን ወንበር የጫነ መኪና ሊያስገባ በር ላይ ስለ ነበር ማን መጨረሻ እንደ ወጣ አያውቅም። በኋላ አስከሬኑን አይቶ ሲጮኽ ሦስቱም ከአዳራሹ ሮጠው መጥተው አስከሬኑን ነካኩት።

የመጀመሪያዋ የሟቹ ሚስት ናዝሬት ነበረች።

«ከየካ ሚካኤል የነፍስ አባታችን ደውለው ነበር» አለች። «ራሱን ከገደለ ፍትሐት የለውም አሉኝ። ሳይጸለይለት አፈር ሊለብስ ነው።»

«ጠዋት ተጣልታችሁ ነበር ይባላል።»

«ተጣልተናል። ሚስቱ ያ ኮምፒውተር ነበር፤ እኔማ ደባል ነኝ። ሰድቤው ወረድሁ። በሕይወት ነበር።»

የሽልማቱ አዘጋጅ ወይዘሮ ጵርስቅላም አልሸሸገችም። «በተሸለመ ቁጥር ዳኞቼን ይዘልፋል። ዘንድሮ እንኳ ዝም በል ልለው ወጣሁ፤ ስቆብኝ መለሰኝ።»

«የውድድሩ መዝጊያ መቼ ነበር?»

«ሴፕቴምበር 10። ማስታወቂያው በፈረንጅ ቀን ነው የወጣው።»

«በእኛስ?»

ጵርስቅላ ማስታወሻዋን ገለጠች። «ጳጉሜ አምስት። ማግሥቱ ዕንቁጣጣሽ ነበር።»

ሦስተኛው ኃይለ መስቀል ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ከወንደሰን ቀጥሎ ሁለተኛ የወጣ ሰው።

«አዘንሁ ብልዎ ውሸት ነው» አለ። «ሌባ ነበር፤ በገዛ ቃሉም ተናዟል።»

«ወንደሰን ከሌለ አንደኛ ማን ነው?»

«ሁለተኛው ነዋ። ደንቡ እንዲያ ይላል።»

«የአንተንስ መቁጠሪያ ባየው?»

«ሽልማቱ ሲሰጥ ከሰው ጋር ያዩታል። የፈረንጅ ቀን ሲሰጡት የእኛን ይመልሳል። ያለ እኔ የይለፍ ቃል ግን አይከፈትም፤ ዳኞቹ እንኳ እኔ ባለሁበት ነው ያዩት።»

በአሥራ አንድ ሰዓት ሦስቱን በአዳራሹ ሰበሰበቻቸው። ለእንግዶች የተደረደሩት ወንበሮች ባዷቸውን ነበሩ። እነርሱም ተራርቀው ተቀመጡ።

«የሟቹ ካፖርት ሲንጠባጠብ ኑዛዜው ደረቅ ነበር» ብላ ጀመረች። «እንግዲህ ወረቀቱ ኪሱ የገባው ከሞተ በኋላ ነው። አስከሬኑን የነካችሁት ደግሞ ሦስታችሁ ናችሁ። ናዝሬት አቅፋዋለች፤ ወይዘሮ ጵርስቅላ የልብ ትርታውን ዳስሳለች፤ ኃይለ መስቀል አገላብጦታል።»

«ታዲያ ሚስቱን ይጠይቋት» አለ ኃይለ መስቀል።

«ቀኑን እጠይቃለሁ። ጳጉሜ ስድስት የምትሆነው በአራት ዓመት አንድ ጊዜ፣ ዘመነ ሉቃስ ሲፈጸም ነው። ሉቃስ 2003 ነበር። 2004 ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ ጳጉሜውም አምስት። ዕድሜውን በዓል ሲቆጥር የኖረ ሰው፣ እግዚአብሔር ባልፈጠረው ቀን ኑዛዜ አይጽፍም።»

ናዝሬት ቀና አለች።

«የባልሽን መቁጠሪያ ክፈቺ። ሴፕቴምበር 10 ቀን 2012።»

«ጳጉሜ አምስት» አለች ናዝሬት።

«የወይዘሮ ጵርስቅላ ማስታወሻም አምስት ይላል። አሁን አንተ።»

«እንቢ ብልስ?»

«በሽልማቱ ቀን በሕዝብ ፊት ትከፍተዋለህ።»

በላፕቶፑ ላይ የይለፍ ቃሉን ሲጽፍ ጣቶቹ ሁለት ጊዜ ተሳሳቱ። ጵርስቅላ በትከሻው ላይ አጎንብሳ አነበበች። «ጳጉሜ ስድስት።»

«ፈረንጅ ዓመቱ ለአራት እኩል ሲካፈልለት ቀን ይጨምራል» አለች ኢንስፔክተሯ። «አንተ ያንን ሕግ ለእኛ ዓመት አለበስኸው፤ 2004ም ለአራት ይካፈላል። የሐሰት ኑዛዜውን ስታዘጋጅ የመዝጊያውን ቀን ለገዛ ሥራህ ሰጠኸው፤ እርሱም የሌለ ቀን መለሰልህ፤ አንተም አምነህ ጻፍኸው። እርሱን ከሰገነት ገፍተህ ስታበቃ፣ ስታገላብጠው ኪሱ ከተትኸው።»

ኃይለ መስቀል ዓይኑን ከላፕቶፑ አልነቀለም። «ይህን ስሕተት ሰው ሁሉ ያየው ነበር?»

«ውሎ አድሮ» አለች ጵርስቅላ፤ «አንደኛ ብንልህም።»

«ሦስት ዓመት ሳቀብኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ዛሬም ከሁለቱ በኋላ ወጥቼ ከውድድሩ እንዲወጣ ብለምነው ሳቀ።» ቃየልም ከወንድሙ ጋር የተጣላው በመሥዋዕት ነበር።

ፖሊሶቹ ሲወስዱት ናዝሬት ወደ የካ ሚካኤል ደወለች። ስልኩን ለኢንስፔክተሯ ሰጠቻት።

«አባ፣ ይፍቱኝ። ወንደሰን ራሱን አልገደለም።»

«እግዚአብሔር ይፍታሽ። በምን ታወቀ፣ ልጄ?»

«በባሕረ ሐሳብ።»

«እንግዲያስ ፍትሐቱን እንጀምራለን። የክርስትና ስሙን ማን ልበል?»

ወለተማርያም ስልኩን ለሚስቱ መለሰች። ናዝሬት እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች፤ ድምፅዋንም አጠራች።

«ወልደ ሚካኤል» አለች።