ነጭ ሽንኩርት ብቻ

ሁለተኛው ዙር ነጭ ሽንኩርትም አረረ። ኪሩ መጥበሻውን ይዞ ወደ ደጅ ሮጠና ጥቁሩን ነገር ቦዩ ውስጥ ደፋው። አጥሩን ተደግፎ ስልኩን ሲነካካ የነበረው ሁንዴ ቀና ብሎ አየው፣ ከዚያ መጥበሻውን አየ፣ ከዚያ ሳቀ።

«ዘይቱ ሳይግል ጨምረው አልኩህ እኮ። ሰው እንዴት ሁለት ጊዜ ያሳርራል?»

«አንተ ማስተማር ስለማትችል ነው።»

ሁንዴ ጎረቤቱ ነው፤ ሁለቱም አሥራ አራት ዓመታቸው። የሁንዴ ታላቅ ወንድም ባቱ ከተማ አበባ እርሻ ላይ ይሠራል፣ ላጤ ነው፣ ከኑድል ሌላ ምግብ መኖሩን የረሳ ሰው ነው። ሁንዴ ለክረምት እሱ ጋ ሁለት ሳምንት ከርሞ ሲመለስ የኑድል ፕሮፌሰር ሆኖ መጣ። ትምህርቱ እንዲህ ነው፦ ስድስት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት በቢላ ጎን ደፍጥጠህ ትከትፋለህ። ዘይቱ ሳይግል ትጨምረዋለህ። እሳቱን ትቀንሳለህ። ወርቅ ሲመስል ታወጣዋለህ፣ ስልክ እያየህ ከሆነ ግን አታወጣውም፣ ያርብሃል። ኑድሉ የተቀቀለበትን ውሃ ደግሞ ሁሉንም አትደፋም፣ ግማሽ ብርጭቆ ታስቀርና አብረህ ታዋህደዋለህ። በቃ።

ኪሩ ወትሮ ወጥ ቤት የሚገባው ድስት ለመክፈት ነው። ዛሬ ግን ቀኑ ሌላ ነው። እናቱ መሰለች ዱከም ፋብሪካ ሸሚዝ ትሰፋለች፤ ጠዋት በጨለማ በሚኒባስ ወጥታ ማታ እግሯ አብጦ ነው የምትገባው። በዚህ ላይ ፍልሰታን ሁለት ሳምንት ሙሉ ስትጾም ከረመች። ነገ ልትቆርብ ነው። አባቱ ካረፈ ጀምሮ፣ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ አንድ ቀን አልቆረበችም። አንዴ ሺፍት አልገጥም ይላታል፣ አንዴ አለቃዋ እምቢ ይላል፣ አንዴ ራሷ ይደክማታል። ዘንድሮ የሥራ ጓደኛዋ ጉዲቱ ነገን ልትሠራላት ተስማማች፤ መሰለች በምትኩ የጉዲቱን ሁለት እሁድ ትሠራላታለች። የንስሐ አባቷ ያዘዟትን ስግደት ሁሉ ጨርሳለች። የቀረችው የዛሬ እራት ብቻ ናት። ከሷ በኋላ ነገ እስክትቆርብ ድረስ ውሃ እንኳ አፏ አይገባም።

እና ኪሩ ያቺን እራት እኔ እሠራታለሁ አለ። ጠዋት ሲነግራት መሰለች በሩ ላይ ቆማ ሳቀች። ከዚያ ኮስተር ብላ ከኑድሉ ጋር የምትመጣዋን ዱቄት እንዳይጨምር አስጠነቀቀችው፤ ሆዷን ታቃጥላታለች። ኪሩ ደረቱን ነፋ። የሱ ኑድል ዱቄት አይፈልግም፣ ነጭ ሽንኩርት ብቻ ነው ብሎ ሸኛት። ሱቅ ሲሄድም ዝም ብሎ አልገዛም፣ የጾም መሆኑን ባለሱቁን ጋሽ መርዳሳን ጠይቋል። ጋሽ መርዳሳ ከመነጽራቸው በላይ አይተውት፣ ስንዴን ምን ያስፈስከዋል አሉት።

ሦስተኛው ዙር ተሳካ። ነጭ ሽንኩርቱ ወርቅ መሰለ፣ ሽታው አጥሩን አልፎ ሁንዴን ከስልኩ ነቀለው። ኪሩ ኑድሉን አዋሐደና በሹካ ቀመሰ። ይበላል። ግን የሆነ ነገር ጎድሎታል። ጨው ጨመረ፣ አሁንም ጎደለው። ስቶቩ አጠገብ ሁለቱ ብርማ የዱቄት ከረጢቶች ተቀምጠዋል። ኪሩ ወደ በሩ አየ። ማንም የለም። አንዷን በጥርሱ ቀደዳትና ነሰነሳት። ቀመሰ።

አቤት።

መሰለች አሥራ ሁለት ሰዓት አለፍ ሲል ገባች። ጫማዋን እንኳ በቅጡ ሳታወልቅ አቀረበላት። አንድ ጎረሰች፣ ቆም አለች፣ ሌላ ጎረሰች። ከዚያ አቀርቅራ በላች። ዘይቱን በዳቦ ጠራርጋ ከጨረሰች በኋላ ነው ቀና ያለችው።

«ምን አድርገህበት ነው?»

«ነጭ ሽንኩርት ብቻ።»

ያቺ ውሸት አፉ ላይ ተዘጋጅታ ነበር የምትጠብቀው፤ ዱብ አለች። መሰለች ወዲያው ለጉዲቱ ደወለች። ልጄ ምን የመሰለ እራት ሠራልኝ መሰለሽ፣ በነጭ ሽንኩርት ብቻ፣ ሴት ልጅ የለኝም ብዬ የማዝነው በከንቱ ነው፣ እያለች። ኪሩ ሳህኑን አነሳና እንደሚሸሽ ሰው ወደ ወጥ ቤት ሄደ።

ቆሻሻውን ሲሰበስብ ነው ያያት። ያልተቀደደችው ከረጢት ላይ ከታች ጥቃቅን የእንግሊዝኛ ፊደል አለ። ኪሩ በእንግሊዝኛ ጎበዝ አይደለም፤ ይቺን ቃል ግን ሦስተኛ ክፍል ከነሥዕሏ ነው የተማራት። ቺክን፤ ዶሮ። ድጋሚ አነበባት። ያው ናት።

ከረጢቷን ኪሱ ከትቶ አጥሩ ጋ ሄደና ሁንዴን ጠራው። በሹክሹክታ ነገረው። ሁንዴ ከረጢቷን ወደ መብራቱ አስጠግቶ እንደ ዳኛ መረመራት።

«ጣዕም ነው የሚለው። ዶሮዋ በፋብሪካው በር አልፋ ይሆናል እንጂ አልገባችም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

«እኔ ምን አውቄ፤ እኔ ጴንጤ ነኝ።» ሁንዴ ከረጢቷን መለሰለት። «ዝም በላት አቦ። እሷ አላወቀችም። ሰው ባላወቀው ነገር ይጠየቃል እንዴ?»

ኪሩም እንደሱ ማሰብ ፈልጎ ነበር። ከረጢቷን መልሶ ኪሱ ከተታት።

«ደግሞ ብትነግራት ምን ሊሆን ነው?» አለ ሁንዴ፤ አሁን አልቀለደም። «ትቀራለች። ሰባት ዓመት ጠብቃ፣ ጾማ፣ ሰግዳ። የሚያስቀራት ዶሮው አይደለም፣ አንተ ነህ።»

ይሄ ነው ያስቸገረው። እውነት ነው። ኪሩ አጥሩ ጋ ቆሞ ነገን አሰበ። እናቱ ነጠላዋን ተከናንባ ሰልፉ ላይ ትቆማለች። ተራዋ ይደርሳል። እሱ ያኔ የት ነው የሚሆነው? ቤት ሊሆን ይችላል፣ ኳስ ሜዳ ሊሆን ይችላል። የትም ቢሆን ያቺን ሰዓት ያውቃታል። ከዚያ ደስ ብሏት ወደ ቤት ትገባለች፣ እሱም ደስ እንዳለው ሰው እንኳን አደረሰሽ ይላታል። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ነው እንዲህ የሚባለው? ሁንዴ የሆነ ነገር ሲለው አልሰማውም።

ቤት ሲገባ መሰለች ነጠላዋን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ በካውያ እየተኮሰች ነበር። የጥለቱን ጫፍ በጣቷ እያቃናች የሆነ መዝሙር በአፍንጫዋ ታዜማለች። ስትዘምር ከሰማት ቆይቷል። ኪሩ ሊመለስ ምንም አልቀረውም።

«እማ።»

«ወዬ።»

ከረጢቷን ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አስቀመጣት። መሰለች አየቻት፣ አነሳቻት፣ አገላበጠቻት። እንግሊዝኛ አታነብም። መልሳ ዘረጋችለት።

«ምን ይላል?»

ደቂቃዋ ይቺ ናት። ቅመም ይላል ቢላት ቅመም ነበር።

«የዶሮ ጣዕም ይላል።»

መሰለች ካውያውን አቆመችው።

«ኑድሉ ውስጥ ጨምሬዋለሁ» አለ ኪሩ ቶሎ ቶሎ። «አንዷን። ዶሮ መሆኑን ግን አላወቅኩም። አሁን ሳጸዳ ነው ያየሁት። ነጭ ሽንኩርት ብቻ ያልኩሽ ግን... እሱን እያወቅኩ ነው።»

«ዶሮ አለው ወይስ ሽታው ነው?»

«አላውቅም።»

ወንበሩን ስባ ተቀመጠች። ኪሩ ጥፊ ጠብቆ ነበር፤ ጥፊ ቢሆን ይሻለው ነበር። መሰለች ከረጢቷን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠርዟን በጣቷ ታሻ ጀመር። ውጭ አንድ ባጃጅ ጭቃ እየረጨ አለፈ።

«ለጉዲቱ እንኳ ደውዬ አወራሁልህ» አለች በመጨረሻ።

ኪሩ መሬት መሬት አየ።

«ዝም ብትል እኮ አላውቅም ነበር።»

«አዎ።»

አየችው። ተናዳለች፣ ግን ንዴት ብቻ አልነበረም ፊቷ ላይ። ተነስታ የካውያውን ሶኬት ነቀለች፣ ነጠላዋን ግን አላጠፈቻትም። ነገ ከቅዳሴው በፊት ቀድማ ሄዳ የንስሐ አባቷን እንደምትጠይቅ ነገረችው፤ ለሱ ሳይሆን ለራሷ የምታወራ ይመስል ነበር። ቁረቢ ካሏት ትቆርባለች። ጠብቂ ካሏት... እሱን አልጨረሰችውም። የጉዲቱ ሁለት እሁዶች ትዝ ሳይሏት አይቀርም።

«እኔ ልንገራቸው» አለ ኪሩ።

«ማን ጠየቀህ?»

«አንቺማ ምን ብለሽ ትነግሪያቸዋለሽ? ምን እንደጨመርኩ፣ ስንት እንደጨመርኩ የማውቀው እኔ ነኝ። አብሬሽ እመጣለሁ።»

መሰለች ከላይ እስከ ታች አየችው። ሸሚዙ ላይ የሦስት ዙር ዘይት አለ።

«በዚህ ሸሚዝ?»

ኪሩ ሸሚዙን እዚያው አወለቀና ሳሙናውን ይዞ ወደ ደጅ ወጣ። ቧንቧው በቀጭኑ ነው የሚወርደው። ባልዲው እስኪሞላ ጠብቆ ሸሚዙን ነከረው። ሁንዴ በአጥሩ ቀዳዳ አየው።

«ምነው፣ ተባረርክ እንዴ?»

«ነገ አብሬያት ነው የምሄደው» አለ ኪሩ ቀና ሳይል። ኮሌታውን እያሸ ነበር።