አጎበር የለበሰችው ኮሮላ

የራቢዓ ነጭ ኮሮላ ቆቦ ላይ ከገዛ ደጇ ጠፋች፤ ጊዜው ጥቅምት፣ የወባ ወቅት ነበር። ባሏ ሲሞት የተወላት ሀብት ይህችው መኪና ብቻ ነበረች። ልጆቿ የሚበሉት ከእሷ ነው።

ሌባውን ለመጠቆም የቸኮለው የሟች ወንድም ፈሪድ ነው።

«ሾፌሯ ሙላው ነው። ሁለተኛ ቁልፍ ያለው እሱ ብቻ ነው። ደግሞም አላማጣ ጋራዥ ቀለም ይቀባ ነበር።»

ሙላው ታሰረ። ፈሪድ ግን በዚህ አልበቃውም። ከሚኖርበት ጎብዬ እየተመላለሰ ፖሊስ ጣቢያው በር ላይ ደረቱን ይነፋል። ሰንበት ብሎ ሌላ ጉራ ጨመረ።

«ሳጅን፣ ልጄ በወባ እየተንቀጠቀጠች እኔ ለወንድሜ ንብረት እሮጣለሁ። ወላሂ፣ የዘንድሮ ሰው ይህን አያደርግም!»

መርማሪዋ ሳጅን አስረሳሽ ጉረኛ አትወድም።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ኮሮላዋ ዋጃ፣ አንድ ደላላ ግቢ ውስጥ ተገኘች። የሞተር ቁጥሯ የራቢዓ ነው፤ መልኳ ግን ሰማያዊ ሆኗል። ሰማያዊ ማለት እንኳ ለሰማያዊ ስድብ ነው። እዚህ ተዝረክርኳል፣ እዚያ አብጧል፣ አቧራና ገለባ ጠጥቷል። ደላላው ያመጣት ሰው ፊቱን በሻሽ ጠቅልሎ እንደነበር ብቻ ተናገረ።

አስረሳሽ ሙላውን ከእስር አውጥታ አሳየችው። ዞሮ ሲያያት መታሰሩንም ረሳ።

«ይህን እኔ ቀባሁት? ስቱኮውን በብርጭቆ ወረቀት እንኳ አላለሰለሰው! ስስ እያደረገ፣ እያደረቀ መደጋገም ሲገባው ባንዴ ደፋበት። ይኸው፣ እስካሁን ጣት ይይዛል። ሳጅን፣ ሰረቅህ ብለው ይክሰሱኝ፤ ይህን ቀባህ ብለው ግን ስሜን አያጥፉ!»

አስረሳሽ ሳቀች። ጣሪያውን ጎንበስ ብላ ስታይ ግን ሳቋ ቆመ። ቀለሙ ላይ የመረብ ቀዳዳ ታትሟል። የቀባው ሰው አቧራ እንዳይገባበት ብሎ ሳይደርቅ አጎበር ጥሎበታል።

አጎበር በየቤቱ አለ። በወባ ወቅት ከአልጋ ላይ አውርዶ መኪና የሚያለብስ ቂል ግን በየቤቱ የለም። «ልጄ በወባ እየተንቀጠቀጠች» ያለው የፈሪድ ጉራ ትዝ አላት።

ኮሮላዋን ሙላው እየነዳ፣ ራቢዓን ከቆቦ ይዘው ጎብዬ፣ ፈሪድ ቤት ወረዱ።

የፈሪድ ልጅ፣ ትንሿ ሳሊሀ አልጋ ላይ ትንቀጠቀጣለች። ከበላይዋ የአጎበሩ ገመድ ባዶውን ተንጠልጥሏል።

«አጎበሩስ?» አለች አስረሳሽ።

«ላጥበው ብሎ ወሰደው» አለች የፈሪድ ሚስት ሀናን።

አጎበሩ ከበረቱ ጀርባ ተገኘ፤ በሰማያዊ ቀለም ደርቆ እንደ ቆርቆሮ ቆሟል።

«ቁልፉን ከየት አመጣህ?» አለች አስረሳሽ፣ ደጁ ላይ ወደቆመው ፈሪድ ዞራ።

«ወንድሜ በሕይወቱ ሰጥቶኝ ነበር» አለ ፈሪድ፤ ደረቱ ሟሽሿል።

«ለምን ሰረቅህ?»

ራቢዓን በጣቱ አመለከተ። «የወንድሜ መኪና ናት! እሷ ባለመኪና ስትባል እኔ በእግሬ ልሂድ? በሷ እጅ ከምትቀር ትሸጥ አልኩ።»

«አንተን ብሎ ወንድም!» አለች አስረሳሽ፤ ካቴናውን አጠለቀችለት።

ራቢዓ ሳሊሀን በጋቢ ጠቅልላ ታቀፈችና ወደ መኪናዋ ሄደች። ሀናን እያለቀሰች ተከተለቻት። ሙላው ጤና ጣቢያ ሊያደርሳቸው ሞተሩን አስነሳ።

ያን ጊዜ ፈሪድ ጮኸ።

«በሩን ቀስ! ቀለሙ አልደረቀም!»

ራቢዓ በሩን ወርውራ ዘጋችው።