የማኅሌት ጣት

ኢንስፔክተር ጀውሀራ ላሊበላ ካለው የወይዘሮ አመተ ጊዮርጊስ ሆቴል ስትደርስ፣ የቤቱ ታላቅ ልጅ ማኅሌት አልጋዋ ላይ ሞታለች። ግቢው የሚያወራው ግን ስለ ሞቷ ሳይሆን ስለ ውፍረቷ ነበር። አንዱ «መቼም እንዲህ ሆና አትኖርም ነበር» ይላል፤ ሌላው ቃሬዛው ይችላት እንደሆነ ይጠይቃል። ጀውሀራ ራሷ ደልደል ያለች ሴት ናት። እንዲህ ያለውን አፍ ስትሰማ አትቆጣም፤ የተናጋሪውን ስም ብቻ ትጠይቃለች። ስሙን የተጠየቀ ወሬኛ ደግሞ ወዲያው ሥራው ትዝ ይለዋል።

ነገሩ ያለቀለት ይመስል ነበር። የማኅሌት ስኳር ሰማይ ነክቷል ተብሎ ኢንሱሊን ትወጋ ነበር፤ ያዘዘላት የአንድ የግል ክሊኒክ ነርስ በእውቀቱ ነው። «መጠኑን አብዝቶ ገደላት» ተብሎ በካቴና ግቢው ውስጥ ተቀምጧል። ከሰዓት በኋላ ወደ ወልድያ ሊወስዱት ነው። የመጀመሪያ ልጇን ያረገዘች ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ታየዋለች።

ጀውሀራ መኝታ ክፍሉን አየች። አንሶላው በላብ ርሷል። ራስጌ ያለው የውሃ ጠርሙስ ግን አልተከፈተም። ስኳሩ የወጣበት ሰው ውሃ ውሃ ይላል፤ ላብ የሚያጠምቀው የወረደበትን ነው። የራሷ አባት የስኳር ሕመምተኛ ስለነበሩ ይህን ከልጅነቷ ታውቃለች። ጥግ ላይ የእጅ ማስታጠቢያ ሳህን ተቀምጧል፤ ጠርዙን ጉንዳን ወሮታል።

አብሯት የመጣው ፖሊስ ወንዴ ያወቀ መስሎት፣ «የስኳር በሽተኛ ሽንት ጉንዳን ይጠራል» አለ።

«እጅ መታጠቢያ ላይ ማን ይሸናል?» አለችው።

አመተ ጊዮርጊስ ከአንገት በላይ ታለቅስ ነበር። ለልጇ ያደረገችውን ዘርዝራ አትጠግብም።

«እጇን የማስታጥባት እኔው ራሴ ነበርሁ» አለች። «ጣቱ ካልጠዳ መለኪያው ይስታል ብሎ ነርሱ ነግሮናል። ዛሬም አስታጠብኋት፤ አራት መቶ አለ። ብንደውልለት ጨምራ ትውጋ አለን። ጾም ነውና ሳትቀምስ ጋደም አለች።»

ጀውሀራ አንገቷን ነቀነቀች። በዚህ አገር እጅ የሚያስታጥበው ታናሽ ነው። ይህች ሴትዮ ደግሞ፣ ሠራተኞቹ እንደነገሯት፣ ለጳጳስ እንኳ ማስታጠቢያ አንስታ አታውቅም።

የቀረውን ከታናሺቱ ከየሻረግ ሰማች። የሻረግን ከፍላቂት ሽማግሌዎች መጥተው ጠይቀዋታል። አባቷ አቶ አድማሴ ግን «ታላቋ ሳትዳር ታናሿ ከቤቴ አትወጣም» ብለው መለሷቸው። የማኅሌት ሕመም ከተሰማ ወዲህ ልባቸው ራርቶ፣ በሽተኛ እስክትዳር አይጠበቅም በማለት ሽማግሌዎቹን ለእሑድ ቀጥረዋል።

ቀጥላ ወደ በእውቀቱ ሄደች። «አንተ ራስህ ጣቷን ወግተህ ለካሃት?»

«መለኪያውን ሰጠኋቸው፤ ቁጥሩን እናቷ ይነግሩኝ ነበር። ደግሞ ሰውነቷን ሳየው...» አልጨረሰውም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይኸኛው ወረቀት እንኳ አልያዘም። የሠራው አንድ ደህና ነገር ቢኖር ደሟን ወልድያ ልኮ የሦስት ወር አማካይ ስኳሯን ማስመርመሩ ነው። መልሱን ግን ሳይጠይቅ ከረመ። ጀውሀራ ደውላ ጠየቀችለት።

ከዚያ ሁሉንም በሆቴሉ ምግብ አዳራሽ ሰበሰበች። የሻረግን «አብሽሪ» ብላ አስቀመጠቻትና ወንዴ ከጆግ እጇን አስታጠባት። እጇ ሲደርቅ ጣቷን ወጋ አድርጋ ለካች።

«ሦስት መቶ ሰማንያ» አለች። «በእውቀቱ፣ ለዚህ ቁጥር ምን ታዛለህ?»

ነርሱ ግራ ተጋብቶ ለማኅሌት ያዘዘውን መጠን ነገራት። ጀውሀራ መርፌ አንስታ የየሻረግን ክንድ ያዘች። እናትየዋ ከወንበሯ ተነሣች።

«ተይ! እሷ ደኅና ናት፤ ውሃው ነው።»

«የምን ውሃ?» አለች ጀውሀራ።

ጀውሀራ ባዶውን መርፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«እኔ ጆጉ ውስጥ ስኳር ማሟሟቴን ለማንም አልተናገርሁም» አለች። «እርስዎ ግን አወቁ፤ ለማኅሌት ያፈስሱት የነበረው ይኸው ነውና። ስኳር የነካው ጣት መለኪያውን ያሳብደዋል። የሦስት ወሩን ምርመራ ግን የጣት ውሃ አያታልለውም። ማኅሌት ስጋት ነበረባት፤ በሽታው ጋ ግን ገና አልደረሰችም። በሽተኛ ትባልና ታናሿ ትለፍ ብለው ነው። ኢንሱሊን ሲመጣ ዝም አሉ። ዛሬ ሳትቀምስ ስትወጋ ስኳሯ ወርዶ፣ ላብ በላብ ሆና ሞተች። ሁላችሁም ውፍረቷን ስላያችሁ ውሸቱን የጠረጠረ አልነበረም።»

«ሞቷን አልፈለግሁም» አለች አመተ ጊዮርጊስ። «ትንሽ ትታመም፣ በኋላ ይተዋታል ብዬ ነው። ደግሞ ያን ያህል ወፍራ፣ መቼም በሽታው አንድ ቀን መምጣቱ አይቀርም ነበር።»

አቶ አድማሴ ፊታቸውን አዞሩ። ወንዴ የበእውቀቱን ካቴና ፈታ። ነርሱ ሊያመሰግን ሲጠጋ ጀውሀራ ገፋ አደረገችው።

«አታመስግነኝ። ነፍሰ ገዳይ አይደለህም፤ ወላሂ ሐኪምም አይደለህም። አንድ ቀን እጇን ብትይዝ በሕይወት ነበረች። የክሊኒክህን ጉዳይ ጤና ቢሮ ያየዋል።»

ካቴናው ወደ እናትየዋ ሲመጣ የሻረግ መንገዱን ዘግታ ቆመች። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር።

«እማዬ፣ ለኔ ተይ አልሽ። ለእሷ ለምን አላልሽም?»

አመተ ጊዮርጊስ እጆቿን ለካቴናው ዘረጋች።